በምን ዓይኔ ልያቸው?

እኔ ሰው መጠየቅ ላይ ደካማ ነኝ። ስልክ ይደወልልኛል፣ በኋላ እመልሳለሁ እላለሁ፣ ይመሻል። የታመመ ዘመድ አለ ይሉኛል፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ቅዳሜ በልብስ አጠባና በድካም ታልፋለች። አንድ የወለደች ጓደኛዬን የጠየቅኳት ልጇ ጥርስ ካበቀለ በኋላ ነው። ይህ ድክመቴ ነው። ምክንያት አልደረድርለትም።

ይህን እንዲህ በእርጋታ መጻፍ ድሮ አልችልም ነበር። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ስድብ ይከተል ነበር። «ለሰው የማትሆኚ»፣ «ልበ ደረቅ»፣ «ሲፈልጉሽ የማትገኚ፣ ስትፈልጊ ብቻ የምትደውዪ»። ማንም ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የምለው እኔው ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ስበላ፣ ሌሊት ትራሴ ላይ። ለራሴ የምለውን ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ ብናገረው ኖሮ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር።

የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ውስጥ ላላችሁ ነው። ድክመታችሁ የእኔው ዓይነት ላይሆን ይችላል። ሥራ ማሳደር ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ መቆጣት፣ ብር መያዝ አለመቻል፣ ልጆች ላይ መጮህ፣ ጀምሮ መተው። ከሥሩ የሚናገረው ድምፅ ግን ይመሳሰላል። እኔም የማወራው በአብዛኛው ስለ ድምፁ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እኛ ልጆች ሁሉ እቴቴ የምንላቸው እናት ነበሩ። የእናቴ የቡና ጓደኛ ናቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት ተመልሼ የምገባው እሳቸው ቤት ነበር። ጸጉሬን የሚሠሩኝ፣ የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ውጭ እንዳልወጣ በሩ ላይ የሚቀመጡት፣ ትኩስ ድፎ ዳቦ ቆርሰው በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስይዙኝ እሳቸው ናቸው። እኔ አድጌ ሥራ ከያዝኩና ከሰፈር ከወጣሁ በኋላ ኩላሊታቸውን ታመሙ። እጥበት ጀመሩ። እናቴ በደወለች ቁጥር «እቴቴን ጠየቅሻቸው?» ትለኛለች። «በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ» እላታለሁ።

አልሄድኩም። መጀመሪያ ላይ እውነትም ሥራ ነበር የያዘኝ፤ ሒሳብ የምንዘጋበት ወቅት ነበር። ቀጥሎ ግን ኀፍረት ተጨመረበት። «እስካሁን ሳልጠይቃቸው አሁን ምን ብዬ ልግባ?» ማለት ጀመርኩ። በዘገየሁ ቁጥር ኀፍረቱ ይከብዳል። ኀፍረቱ በከበደ ቁጥር እግሬ አልነሳ ይላል። ስድቡም በዚያው ልክ እየባሰ ሄደ። ሌሊት «እንደ እናት ያሳደጉሽን ሴት እንዲህ ታደርጊ!» እያልኩ ስገላበጥ አድራለሁ። ጠዋት ስነሳ ዝያለሁ። ሥራዬን እንደምንም ጨርሼ ቤቴ እገባለሁ እንጂ እቴቴ ቤት የሚያደርስ አቅም አይተርፈኝም።

ሲያርፉ ለሥራ ሐዋሳ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ሰልስት ዕለት አዲስ አበባ ተመልሼ ነበር። ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ አጣፋሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። «በምን ዓይኔ ልያቸው?» አልኩና ልብሴን ቀይሬ ተኛሁ። አርባቸው ሲወጣም አልሄድኩም። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። ራሴን መሳደቤ ጥፋቴን እንዳላስለምድ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። «እኔ ራሴን ካልቀጣሁ ማን ይቀጣኛል? ራሴን ካላጠበቅሁ ጭራሽ ሰው መሆኔ ይቀራል» ብዬ አምን ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል ስታዩት ግን ከእቴቴ ቤት ያስቀረኝ ያው ስድብ ነው። መጀመሪያ የነበረው ጥፋት ትንሽ ነበር፤ የአንድ ሁለት ሳምንት መዘግየት። አንድ ቅዳሜ ሄጄ «ይቅርታ እቴቴ፣ ዘገየሁ» ብል ያልቅ ነበር። ትልቅ ያደረገው ራሴን ከሰው ፊት የማልቀርብ አድርጌ መቁጠሬ ነው።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አላጠፋሁም፤ ማወቁ ብቻውን ብዙም አልጠቀመኝም። ትንሽ ግን ልበል። እኛ ቤት ካርድ የሚወጣበት ቀን ትልቅ ቀን ነበር። ጥያቄው ሁሌም «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ሁለተኛ ስወጣ «አንደኛ የወጣችው ሁለት ጭንቅላት አላት?» እባል ነበር። ብርጭቆ ስሰብር «አንቺ እኮ ድሮም ዝርክርክ ነሽ» ይከተላል። የተሰበረው አንድ ብርጭቆ ነው፤ የሚፈረደው ግን በጠቅላላ በእኔ ላይ ነበር። እናቴን አልወቅሳትም። እሷን ያሳደጓት ከዚህ በከፋ ነው። እሷ የምታውቀው የማሳደግ መንገድ ያ ነበር፤ ፍቅሯንም አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ብቻ ልጅ የሰማውን ይይዛል። አድጎ ወላጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ በኋላም እሱ ለራሱ ማለቱን ይቀጥላል።

ነገሩን መጀመሪያ በደንብ ያየሁት በታናሽ እህቴ ነው።

እህቴ የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር አገር ምድሩ ደንግጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ አይበልጡም ነበር፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። እህቴም ካላለፉት አንዷ ሆነች። ክፍሏን ዘግታ ተኛች። ምግብ አልበላም አለች። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረውን የጥናት ፕሮግራሟን ገንጥላ አልጋው ሥር ጥላዋለች።

ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ ድሮም ደደብ ነኝ፣ ተዪኝ» አለችኝ። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣውን ቀድሜ አላሰብኩበትም። «ሒሳብ ላይ በጣም ዝቅ ብለሻል። እሱ እውነት ነው» አልኳት። «10ኛ ክፍል እያለሽ በኮቪድ ትምህርት ተዘግቶ ወራት ቤት ውለሻል። እሱም እውነት ነው። ማታ ማታ ስልክ ላይ ትቆዪ ነበር። እሱም እውነት ነው። ደደብ ነሽ ግን ውሸት ነው።» ዝም አለች። ቆየት ብላ «ስልኩን ግን እማዬ እንዳትሰማ» አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

ሰነባብቶ አንድ ማታ ዕቃ እያጠብኩ የአክስቴን ስልክ ሳልመልስ መዋሌ ትዝ አለኝ። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ «አንቺ ከንቱ!» አልኩ። እህቴ ከሳሎን ሰማችኝ። መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። «ስልክ አልመለስሽም። እሱ እውነት ነው» አለችኝ፤ ልክ እኔ ባልኩበት አነጋገር። «ከንቱ ነሽ ግን ውሸት ነው።»

መልስ አጣሁ። ለእሷ እንዲያ ማለት ያን ያህል ቀላል ከነበረ ለራሴ ለምን ከበደኝ? ለእሷ ስናገር ጥፋቷን አልሸፈንኩላትም፤ ስልኩንም ነግሬያታለሁ። ግን አልሰደብኳትም። ባልሰድባት ሰነፍ ትሆናለች የሚል ሐሳብ ጭራሽ ትዝም አላለኝ። በዚያው ዓመት ሪሚዲያል፣ ላላለፉ ተማሪዎች የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ገብታ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ያኔ እንቅልፍ ማጣቴ ስለባሰብኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። ሄጄ የማወራው ስለ እንቅልፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። ባለሙያዋ ለዘብ ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። አንድ ወረቀት በመስመር ከፋፍላ ሰጠችኝ። በአንዱ ረድፍ የሆነውን ነገር፣ በሁለተኛው ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩትን፣ በሦስተኛው ማስረጃውን፣ ያልኩትን የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም እንድጽፍ። ይህ የአሠራር መንገድ አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከጀመረው ሕክምና የመጣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሚያስጨንቀን የሆነው ነገር ብቻ ሳይሆን ስለሆነው ነገር ሳናስተውል ለራሳችን የምንለው ነው። የምንለውን ወረቀት ላይ ካወጣነው ልንመረምረው እንችላለን።

ከደብተሬ አንዱን እንዳለ ላስፍረው።

የሆነው፦ አክስቴ ደወለች። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከስብሰባ ስወጣ አልደወልኩም። ማታም አልደወልኩም።

ለራሴ ያልኩት፦ ለሰው የማልሆን ነኝ።

እውነት የሚያስመስለው፦ አክስቴ ስትደውል ሳልመልስ መዋሌ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እቴቴን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

የሚቃወመው፦ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ኦፕራሲዮን ስትሆን ሆስፒታል አብሬያት አድሬያለሁ። የእህቴን ነገር ችላ ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ፦ ስልክ መመለስ ላይ ደካማ ነኝ። ነገ በምሳ ሰዓት እደውላለሁ።

የመጨረሻዋን መስመር እዩልኝ። «ለሰው የማልሆን ነኝ» ብዬ ለቆምኩበት ምንም የማደርገው ነገር የለም። ሰው ለሰው የማይሆን ከሆነ በቃ አይሆንም። «ስልክ አልመለስኩም» ላልኩት ግን መፍትሔ አለው፤ ይደወላል። ስድብ ትልቅ ነገር የተናገረ ይመስላል እንጂ አንድም ቀን የምሠራው ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። ይህ የገባኝ ቀን ደብተሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

የሞከርኳቸው ሁሉ ሠርተዋል ማለቴ አይደለም። መስታወት ፊት ቆሜ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አንቺ ድንቅ ነሽ» ማለት ለእኔ አልሆነኝም። አላመንኩትም። ሰዎች «ኧረ ምንም አይደል፣ አትጨነቂ» ሲሉኝም አልረዳኝም፤ ምክንያቱም ምንም አይደል አይባልም። እቴቴ አልጋ ላይ ሆነው በሩን በሩን ሲያዩ ይሆናል። ጥፋቱ ጥፋት ነው። በተቃራኒው ደግሞ «እኔ እንዲህ ነኝ፣ የፈለገ ይቀበለኝ» የሚለው አነጋገር አሁን አሁን በዝቷል። እሱንም አልወደውም። እንዲህ የሚል ሰው የራሱን ሸክም ሌላው ላይ አራግፎ ሄዷል። ራስን መቀበል ስል ይህን ማለቴ አይደለም።

እኔ የምለው በእኛው እድር ውስጥ አለ። እድርተኛ ከቀብር ቢቀር በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ስሙ ይጠራል፣ ቅጣቱን ይከፍላል፣ ይጻፍለታል። ከከፈለ በኋላ ግን በሚቀጥለው ወር ከሌላው እኩል ይቀመጣል። እሱ ሲያዝን እድሩ ድንኳን ይተክልለታል። በየወሩ ተነስቶ «ያ የቀረው ሰውዬ» የሚለው የለም። ጥፋቱ አልተካደም፣ ሰውየውም ከእድሩ አልተሰረዘም። እኔ ለራሴ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረኝም። የእኔ ቅጣት መጠን የለውም፣ መጨረሻም የለውም።

ንስሐ አባቴም የነገሩኝ ከዚህ አይርቅም። የእቴቴን ነገር ነገርኳቸው፣ ቀኖና ሰጡኝ፣ ፈጸምኩ። ከወራት በኋላ ያንኑ ነገር መልሼ እያለቀስኩ ሳነሳባቸው ቆጣ አሉ። «ቀኖናሽን ፈጽመሻል?» «አዎ አባቴ።» «ታዲያ ለምን ትቆፍሪዋለሽ?» ከዚያ ስለ ጴጥሮስና ስለ ይሁዳ ነገሩኝ። ከስብከት ስሰማው የኖርኩት ነው፤ ያን ቀን ግን ለእኔ የተነገረ ያህል ተሰማኝ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት በድለዋል። አንዱ ሸጠ፣ አንዱ ሦስት ጊዜ ካደ። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ብሩንም መልሷል። ግን ከዚያ በኋላ የሄደው ብቻውን ነው። ጴጥሮስ አምርሮ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹ ግን አልተለየም። «ጸጸት ብቻውን አያድንም ልጄ፣ መመለስ ነው» አሉኝ። ይህን ለአንዲት ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ስነግራት እነሱም ዘንድ ሱረቱ ዙመር ላይ በራሳቸው ላይ ድንበር ላለፉ ሰዎች ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ ተብሎ እንደተጻፈ ነገረችኝ። ተስፋ መቁረጥ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም እምነቶች እንደዚያ አያዩትም።

«ለራሴ ካዘንኩ እሰንፋለሁ» የሚለው ፍርሃቴ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ማስረጃ እወዳለሁ። ባለሙያዋ አንዳንድ ጥናቶችን ነገረችኝ፤ እኔም ፈልጌ አነበብኩ። ካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያሳድሩ የቆዩ ተማሪዎችን ተከታተሉ። በማሳደራቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሚቀጥለው ፈተና ሲዘጋጁ ማሳደራቸው ቀነሰ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ፈትነው ከፈተናው በኋላ ለራሳቸው እንዲራሩ የተነገራቸው ተማሪዎች ለድጋሚው ፈተና ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንዳጠኑ አገኙ። እንደፈራሁት ቢሆን ኖሮ መስነፍ የነበረባቸው እነሱ ናቸው። የእኔም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ራሴን በሰደብኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው መጠየቅ ላይ አልተሻሻልኩም፤ ብሶብኛል።

በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሳው ክሪስቲን ኔፍ የተባለችው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። ለራስ መራራት እንዴት እንደሚለካ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መጠይቅ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ሦስት ነገር አብሮ ይሄዳል ትላለች፤ ለራስ በደግነት መናገር፣ ሕመሙን ሳያጋንኑም ሳይሸሹም ማየት፣ መሳሳት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ። ሦስተኛውን እኛ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» እንላለን። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንተርተው ግን ሌላውን ስናጽናና ነው። እኔ ለራሴ ብዬው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ እቴቴ ቤት ልመልሳችሁ። ሄድኩ። አርባው ካለፈ ብዙ ወራት ሆኖታል። ከመሄዴ በፊት ባለሙያዋ ጋር ምን እንደምል ተነጋግረን ነበር። ሰበብ እንዳልደረድር፣ ራሴንም እዚያ ቤት ሄጄ እንዳልሰድብ ነገረችኝ። «ሐዘንተኛዋ አንቺን ማጽናናት የለባትም» አለችኝ። ይህ ቃሏ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ።

በሩን የከፈተችልኝ የእቴቴ ልጅ ናት፤ ከእኔ በትንሽ ዓመት ትበልጣለች። ሳሎኑ ውስጥ የእቴቴ ፎቶ በትልቅ ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የተቀመጥኩት ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ የምሠራበት መከዳ ላይ ነው፤ ጨርቁ ተቀይሯል። «ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ሲታመሙም አልጠየቅኳቸውም፣ ለቅሶም አልደረስኩም። በድያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነበር የከበደኝ።

ወዲያው «ኧረ ምንም አይደል» አላለችኝም። ቡናውን እየቆላች ነበር፤ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሳ «አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል» አለች። «ሰው በገባ ቁጥር አንቺ ትሆኚ ብዬ ቀና እል ነበር። እማዬም ትጠይቅሽ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ።» ቀጥላ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ነገረችኝ። ከእጥበት ሲመለሱ እንዴት እንደሚደክማቸው፣ ጨው ስለተከለከሉ ምግብ እንዴት እንዳስጠላቸው፣ አንድ ቀን ተነስተው ካልጋገርኩ ብለው እንዴት እንደታገሏት። ሰማኋት። አለቀስኩም፤ ግን ያለቀስኩት ለእቴቴ ነው።

ድሮ ቢሆን «ከፍቶኛል» ባለችኝ ቅጽበት «እኔ እኮ ሰው አይደለሁም! እኔ እኮ ከንቱ ነኝ!» ብዬ እፈርስ ነበር። እሷም ሐዘኗን ትታ እኔን ማባበል ትጀምር ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ እኔ ይሆናል። ይህን ለብዙ ሰው አድርጌዋለሁ፤ ለእናቴ፣ ለጓደኞቼ። ቅሬታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ራሴን ስገርፍ ያያሉ፣ ቅሬታቸውን ውጠው እኔን አጽናንተው ይሄዳሉ። ራሴን መውቀሴ ለሰው የማስብ ያስመስለኝ ነበር። የሰውን ብሶት እንዳልሰማ አድርጎኝ እንደነበር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ በኋላ ስወጣ «ለሙት ዓመቷ አትቅሪ» አለችኝ። አልቀረሁም። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስልጥ፣ ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ።

አሁንም ሰው መጠየቅ ላይ ደካማ ነኝ። ይህ ከእኔ ጋር የሚኖር ይመስለኛል። ለውጡ ድክመቱን አውቄው ስለምኖር በዚያው ልክ መዘጋጀቴ ነው። ማቀዝቀዣው ላይ የስም ዝርዝር ለጥፌያለሁ፤ የእናቴ ወንድሞች፣ አክስቴ፣ የእቴቴ ልጅ፣ ሁለት ጓደኞቼ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከላይ ጀምሬ እደውላለሁ። ሁሉንም አልጨርስም፤ ካቆምኩበት በሚቀጥለው እሑድ እቀጥላለሁ። ቨርጂኒያ ላለችው የአክስቴ ልጅ ሰዓቱ ስለማይገጥምልን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እልክላታለሁ፤ ምግብ እየሠራሁ ነው የማወራላት፤ እሷም ሥራ ስትሄድ መኪና ውስጥ ትሰማኛለች። ለሰዎቹም ነግሬያቸዋለሁ። «እኔ ስልክ መመለስ ላይ ደካማ ነኝ፣ ሳልመልስ ከቀረሁ ድገሚና ደውዪ እንጂ ንቃኝ ነው አትበዪ» እላለሁ። ድሮ ይህን ከመናገር ሞቴን እመርጥ ነበር። ስናገረው ሰው ቀሎት ነው የሚቀበለው።

ድምፁ ጠፍቷል አልልም። ሲደክመኝ፣ እንቅልፍ ሳጣ፣ ወር መጨረሻ ላይ ሥራ ሲበዛብኝ ይመጣል። ሲመጣ አልከራከረውም፤ ክርክር ከጀመርኩ ያሸንፈኛል። «ምን ሆነ?» ብቻ ነው የምለው። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ከዚያ ለእህቴ ቢሆን ምን እላት ነበር ብዬ አስባለሁ። አንዳንድ ማታ እሱም አይሠራም። ያኔ መብራቴን አጥፍቼ ለመተኛት እሞክራለሁ፤ በሌሊት ስለራስ የሚሰጥ ፍርድ ለጠዋት ቢቆይ ይሻላል።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። እኔ የነበርኩበት ከባድ ቢሆንም ሥራዬን እሠራ፣ ምግቤን እበላ ነበር። ለሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶባችሁ ከሆነ፣ ምንም ነገር ደስ አላሰኛችሁ ካለ፣ ከዚያም አልፎ «ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ እየመጣባችሁ ከሆነ ይህ በደብተር ብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። ሕክምና አለው። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ አብሯችሁም ይሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በተመላላሽም ያክማል። በክልል ከተሞችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። «አማኑኤል ገባች» ማለትን ሰው እንደ ስድብ ሲጠቀምበት ስለኖርን ስሙ ሊያስፈራችሁ ይችላል። እዚያ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁት እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪ፣ ሹፌር፣ ተማሪ፣ የልጆች እናት።

የሚከብዳችሁ በር ካለ ደግሞ ሳትመቻቹም ቢሆን ሂዱ። ኀፍረቱ እስኪያልፍ ከጠበቃችሁ አይደርስም፤ የእኔ በጥበቃ አላለፈም። ረጅም ማብራሪያ አታዘጋጁ። ያጠፋችሁትን በአንድ ሁለት ቃል ተናገሩ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ከዚያ የሚሉትን ስሙ። ቢቆጡም ስሙ። እነሱ ሲናገሩ በልባችሁ ራሳችሁን መስደብ ከጀመራችሁ የሚሉት ያመልጣችኋል።

ሁሉም ይቀበላችኋል ብዬ ቃል አልገባም። እኔንም ያልተቀበለችኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለችኝ። አባቷ ሲያርፉ አልሄድኩላትም ነበር። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ይቅርታ ጠይቄ መልእክት ጻፍኩላት፣ አይታዋለች፣ አልመለሰችም። መብቷ ነው። የተጎዳችው እሷ ናት፤ የይቅርታዋም ጊዜ የእሷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ በዚያ በኩል ሊገባ ሞክሮ ነበር። «አየሽ፣ ለሰው የማትሆኚ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ የሆነውን ጻፍኩ፦ አባቷ ሲያርፉ አልሄድኩም፣ እሷ እስካሁን አዝናብኛለች። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሌላ የምጨምርበት አላገኘሁም። ለፋሲካ «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ልኬላታለሁ። ለእንቁጣጣሽም እልክላታለሁ።